ሞላውን ተወው፣ ቸርኬውን ለካው

«ሞላ ላስቀይር ወይስ ትልቅ ቸርኬ ልግጠም?»

አንድ ኢንች ቸርኬ ጨምር፣ ሞላህን አትንካ። መልሴ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ «ግን እኮ» ለሚሉት ነው። «ግን እኮ» ባይ ደግሞ በየጋራዡ በር፣ በየጎሚስታው ደጅ ሞልቷል። አፉ ፈጣን ነው፤ እኔም ልዘገይ አልመጣሁም።

«ግን እኮ ቸርኬው ሲተልቅ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ያለው ክፍተት ይዘጋል።»

አይዘጋም! ብሩን ከኪስህ ከማውጣትህ በፊት ሌላውን ሁሉ ባትሰማኝ ይህችን ስማኝ። በብዙ ቪትዝና ያሪስ ጎማ ጎን ላይ 175/65 አር 14 ተጽፎ ታገኛለህ። 175 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 65 የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሃል። 14 ቸርኬው ነው፣ በኢንች። ደምረው፤ ከመሬት እስከ አናቱ 583 ሚሊሜትር ይመጣል። አሁን ደግሞ ሻጩ «ይሄ ልክህ ነው» የሚልህን 16 ኢንች ቸርኬ 195/45 ጎማ አልብሰህ አስላ። 582! ሁለት ኢንች ብረት ገዝተህ አንድ ሚሊሜትር ከቁመትህ አጣህ። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ ጎማውን የሚያሳሳልህ ሆን ብሎ ነው፤ ጠቅላላ ቁመቱ ካልተጠበቀ የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል። ስለዚህ ክፍተቱ እዚያው አለ። ብረቱ ጎማውን በላው እንጂ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው አልቀረበም። ያንን ክፍተት የሚያጠበው መኪናውን ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ነው። ክፍተቱ አስጠልቶህ ቸርኬ የምትገዛ ከሆነ፣ ራስህን አሞህ የሆድ መድኃኒት እየዋጥክ ነው።

«እሺ፤ ጎማውንም ከፍ ያለ አደርጋለሁ። ያን ጊዜስ?»

ያን ጊዜ ይጠብና ይፋቃል። 17 ኢንች ቸርኬ ላይ 205/40 ስታደርግ ቁመቱ 596 ይደርሳል፤ ስፋቱም በ30 ሚሊሜትር ይጨምራል። መሪውን እስከ ጫፍ አዙረህ ከግቢ ስትወጣ የምትሰማው የመፋቅ ድምፅ ጎማህ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ሲልሰው ነው። ቆጣሪህ 100 ሲልህ አንተ ከ102 በላይ እየሄድክ ነው፤ ትራፊኩ ደግሞ የሚያነበው የራሱን ራዳር እንጂ ያንተን ዳሽቦርድ አይደለም።

«እንግዲያው ሞላ ነዋ! አንተው ራስህ ክፍተቱን የሚያጠበው ሞላ ነው አልክ።»

ብያለሁ፤ አልክድም። ሞላ የሚያጠበው የላዩን ክፍተት ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ! የታቹንም ያጠበዋል። በገበያ የሚገኘው ዝቅ ማድረጊያ ሞላ ብዙውን ጊዜ መኪናውን ከ25 እስከ 40 ሚሊሜትር ያወርዳል። ትንሽ መሰለህ? የቪትዝህ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት በፋብሪካው ሞላ እንኳ አንድ ስንዝር አይሞላም። ከዚያች ላይ ሁለት ጣት ቀነስክ። የበዓል ዋዜማ ይመጣል፤ ከኋላ ሦስት ሰው፣ ከፊት አንተና ጋሼ፣ ከሻንጣው የሽንኩርት ጆንያና የዘይት ጀሪካን። ሞላው በጭነት ሲቀመጥ የቀረችህን ርቀት ለካት። ስፒድ ብሬከሩ ላይ ማርሚታህ ሲገጭ ከኋላ የተቀመጠችው እናትህ ናት የምትደነግጠው።

«መንገዱ እኮ ተሠርቷል። የኮሪደር ልማቱን አላየኸውም?»

አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። አንተ ግን የምታድረው ኮሪደሩ ላይ አይደለም። ከአስፋልቱ ወርደህ ወደ ሰፈርህ ስትታጠፍ መጀመሪያ ቦይ አለ። ቀጥሎ ኮብልስቶኑ መሃሉ አብጦ ግራና ቀኙ ሰምጧል፤ ጎማ የሚረግጠው ሁለቱን ጎድጓዳ ነው፣ ሆድህ የሚያልፈው በእብጠቱ ላይ ነው። ትንሽ አለፍ ስትል ነዋሪው በሲሚንቶ የሠራው፣ ቀለም ያልነካው ጉብታ ይጠብቅሃል። ያን ጉብታ የሠሩት ወላጆች እውነት አላቸው፤ ልጆቻቸው እዚያ ይጫወታሉ። መኪናው ነው ለሰፈሩ መስማማት ያለበት። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላና ከአስፋልቱ እኩል ይሆናል፤ ጥልቀቱን የምታውቀው ከገባህበት በኋላ ነው።

«ዝቅ ያለ መኪና መንገድ ይይዛል።»

መንገድ የሚይዘው ጎማ ነው። ጎማውን መሬት ላይ የሚያቆየው ሾክ አብዞርበር ነው። ሞላው ሦስተኛ ነው። ክብደት ወደ መሬት ሲቀርብ መታጠፊያ ላይ እንደሚያግዝ እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ቪትዝህም ኮሮላህም የፊት እግራቸው ኧርል ማክፈርሰን የተባለው መሐንዲስ ባቀደው ዓይነት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በፎርድ ኮንሰል ላይ ከታየ ወዲህ ርካሽ፣ ቀላልና ቦታ የማይፈጅ ስለሆነ ዓለምን አዳርሷል። በዚህ አሠራር የታችኛው ክንድ በፋብሪካው ከፍታ ሲቆም ከመኪናው አካል ወደ ጎማው ቁልቁል ይወርዳል። መኪናውን ስታወርደው ክንዱ ይጋደማል፤ ከበዛም ሽቅብ ይዞራል። ያኔ አካሉ በመታጠፊያ ላይ የሚዞርበት ነጥብ አካሉ ራሱ ከወረደው ይበልጥ ወደ ታች ይሸሻል፤ መኪናው ለማዘንበል የሚያገኘው ጉልበትም ይጨምራል። ይህን ለመግታት ሞላው የግድ መጠንከር አለበት። የጠነከረ ሞላ ኮረኮንች ላይ ጎማውን ያዘልለዋል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ ምንም አይይዝም፣ ፍሬንም አይሠራለትም።

«የውድድር መኪናዎች ታዲያ ለምን መሬት ለመሬት ይሄዳሉ?»

ሜዳቸው ልሙጥ ስለሆነ። ኮረኮንች ላይ የሚሮጠውን የራሊ መኪና አየው፤ እሱ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ቸርኬው ትንሽ፣ የጎማው ጎን ወፍራም ነው። ሁለቱንም የሚሠሯቸው ፍጥነትን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው መንገዱ ነው። ያንተ መንገድ የትኛውን ይመስላል?

«ኦሪጅናሉ ሞላ ውድ ነው፤ የማውቀው ልጅ በግራይንደር አንድ ዙር ተኩል ይቆርጥልኛል።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሞላ አይቆረጥም! የሞላ ጫፍ ዝም ብሎ ያለቀ ሽቦ አይደለም፤ መቀመጫው ላይ ገጥሞ እንዲያርፍ በልኩ የተጠቀለለ ነው። ርዝመቱም በዘፈቀደ አልተሰጠም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲንጠለጠል እንኳ ሞላው በላይና በታች መቀመጫው መሃል ተጨምቆ እንዲቆይ ታስቦ ነው። አንድ ዙር ተኩል ስትቆርጥለት ጎማው በተንጠለጠለ ቁጥር ሞላው ይላላል፣ ከመቀመጫው ይነቃነቃል፣ ሲመለስ «ቋ!» ብሎ ጎኑን ይመታል። ያ ድምፅ ቀለበት መንገድ ላይ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ አንድ ጎኑ ላይ ብቻ ቢመጣ መሪው ወደየት እንደሚወስድህ አታውቅም። ከዚህ የባሰው በእሳት የሚያወርዱት ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በተለካ ሙቀት ተነክሮ ነው፤ በጋዝ ነበልባል ስታቀላው ያ ጥንካሬ ይሄዳል፤ ዛሬ ሦስት ሳንቲም የወረደው መኪና ከርሞ ስድስት ወርዶ ታገኘዋለህ፣ ያውም አንዱ ጎን ከሌላው በላይ።

ጀርመን አገር አይባክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ሞላ ይሠራል። እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ዝቅ ማድረጊያ ሞላ ሲያወጡ ብረቱን ከነውፍረቱና ከነዙሩ እንደገና አስልተው ነው፤ አጭር ሆኖም መቀመጫውን እንዳይለቅ። በግራይንደር የሚቆርጥልህ ልጅ ይህን አላሰላም፤ ያሰላው የሥራ ሰዓቱን ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ያሉት ለማሳ ብቻ አይደለም።

«እኔ አምና አስቆርጬ ምንም አልሆንኩም።»

መኪናውን አቁም፣ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ አዙር፣ ውረድ። እጅህን በቀኝ የፊት ጎማ ከኋላ በኩል ወደ ውስጠኛው ጠርዝ አስገባና በመዳፍህ ዳብስ። ከውጭ በኩል ያለው ጥርስ ገና ጥልቅ ነው፤ መሃሉም ደህና ነው። ወደ ውስጥ ስትገባ ጥርሱ ይጠፋል፣ ጎማው ልሙጥ ይሆናል፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ጣትህን የሚቧጥጠው ቀጭን ነገር የጎማው ሽቦ ነው። መኪና ሲወርድ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደላል፣ የፊት አቅጣጫውም ይዛባል፤ ክብደቱ ሁሉ በዚያች ጠርዝ ላይ ይውላል። ቆመህ ከውጭ ስታየው አዲስ የሚመስለው ጎማ ከውስጥ ሊፈነዳ ደርሷል። «ምንም አልሆንኩም» ያልከው ከውጭ አይተህ ነው።

«አላይመንት አሠራለሁ ታዲያ!»

አሠራ። አቅጣጫውን ያስተካክሉልሃል። መጋደሉን ግን ፋብሪካው በቪትዝህ ላይ ማስተካከያ አላበጀለትም፤ ለብቻው የሚገዛ ብሎን ይፈልጋል፣ እሱም የሚመልሰው ትንሽ ነው። ሞላ ለማስቀየር የወጣኸው ሰውዬ አሁን ሞላ፣ ብሎን፣ አጭር ሾክ፣ ሁለት ጎማ እየገዛህ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

«አንድ ኢንች ቸርኬ ምን ይታያል? ጓደኞቼ 17 ነው ያደረጉት።»

ይታያል፤ ከዚያም በላይ ይኖራል። 14ቱን አውጥተህ 15 ኢንች ላይ 185/55 ስታደርግ ቁመቱ ወደ 585 ይጠጋል፤ ቆጣሪህ አይዋሽም፣ ከፍታህ አይነካም። የጎማው ጎን ከ114 ወደ 102 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ጎማ ሰጥተህ ፈጠን ብሎ የሚታዘዝ መሪ ታገኛለህ። ይህን ያህሉን የአዲስ አበባ ጉድጓድ ይቀበለዋል። የ17ቱ ጎን ግን 82 ነው። ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ጎማው በብረትና በድንጋይ መሃል ይቆነጠጣል፤ ውስጡ ያለው ክር ይበጠስና በማግስቱ ጎኑ ላይ እብጠት ታያለህ። ያ እብጠት አይጠገንም። ቸርኬውም ይጎብጣል፤ ጎሚስታው የቸርኬውን ከንፈር በመዶሻ ሲመልሰው አይተሃል። አልሙኒየም ግን ሲመለስ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ይበየዳል፤ የተበየደ ቸርኬ ላይ ሰው ጭኖ የሚሄደው ወንድሜ እንኳ ቢሆን ቁልፉን እቀማዋለሁ።

ክብደቱም አለ። ቸርኬና ጎማ ሞላው የማይሸከማቸው ክብደት ናቸው፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ በቀጥታ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ከመግዛትህ በፊት አሮጌውን ቸርኬ ከነጎማው ሚዛን ላይ አውጣው፤ አዲሱንም አውጣው። አዲሱ ከከበደ መኪናህ ለመነሳትም ለመቆምም ይቸገራል፣ ነዳጅም ይጨምራል።

«ሻጩ ይሄ ለሁሉም ይሄዳል አለኝ።»

ለአፍ ዳገት የለውም። ሶማሌ ተራ ስትሄድ ሻጩን ሳይሆን ቸርኬውን ጠይቀው፤ ጀርባውን ገልብጠህ አንብብ። የቪትዝ ብሎን አራት ነው፣ በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ። የመሃሉ ቀዳዳ 54.1 ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳው ከዚያ የሰፋ ቸርኬ መሃሉ ላይ አያርፍም፤ መሃል የሚያስይዝ ቀለበት ካልገባበት 80 ላይ ስትደርስ መሪህ ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ብታሠራ ብታሠራ አይድንም። «ጄ ደብሊው ኤል» የሚል የጃፓን መለያ ፊደል ካየህ ቸርኬው የዚያን አገር የጥንካሬ መስፈርት አሟልቷል ለማለት የተጻፈ ነው፤ ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ዳዶው! በዚህ ላይ ሰው ሲቀልድ ሳይ ደሜ ይፈላል። የቶዮታ የፋብሪካ አልሙኒየም ቸርኬ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ሮንዴላ ባለው ዳዶ ነው። ከውጭ የምትገዛው ቸርኬ ደግሞ አብዛኛው ሾጣጣ ጫፍ ያለው ዳዶ ይፈልጋል። ጠፍጣፋውን ዳዶ በሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ስታስር የጠበቀ ይመስላል፣ አልጠበቀም፤ የያዘው በቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይሄኛው ሲፈታ ጎማው ካንተ ቀድሞ ይሄዳል። ልክ የሆነውን ዳዶ ግዛ፤ የማጥበቂያ ልኩ በብዙ ቶዮታ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በእግር ረግጦ ሳይሆን በሚለካ ቁልፍ አስጠብቅ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ተመልሰህ አስፈትሽ።

«ጎማው ቀጭን ቢሆንም ክብደት ይሸከማል ብሎኛል።»

ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ለምን አትጠይቀውም? 82 ካለ አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል፤ 80 ካለ 450፤ 84 ካለ 500። ከፋብሪካው ቁጥር በታች አትውረድ፤ አበቃ።

«ልጄ መኪናውን ዝቅ ካላስደረግሽልኝ ብሎ አስጨነቀኝ፤ ምን ልበለው?»

እትዬ፣ ይግዙለት፤ አራት አዲስ ሾክ አብዞርበር ይግዙለት። ዕድሜ የጠገበ መኪና የሚንገዋለለው አብዛኛውን ጊዜ ሞላው ረጅም ስለሆነ አይደለም፣ ሾኩ ስላለቀ ነው። ሾኩ ሲታደስ መኪናው መታጠፊያ ላይ ይረጋጋል፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው አይደፋም፣ እርስዎም ከኋላ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወገብዎ አይታመምም። ልጅዎ የፈለገውን ስሜት ያገኛል፤ እርስዎ ልጅዎን ያገኛሉ።

«እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ ይሄ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም።»

ግማሹ አይመለከትህም። ሀይዌይህ ልሙጥ ነው፤ ልኩን የጠበቀ ሞላ ከተስማሚ ሾክ ጋር ብትገጥም አልከራከርህም፣ በየዓመቱ የሚደረገው የደኅንነት ምርመራም ጎማህንና እግሩን ያይልሃል። አዲስ አበባ ላለው ወንድምህ ግን በሻንጣ ሞላ አትላክለት። ሾክ ላክለት።

«ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪናዬንስ ዝቅ ላስደርጋት?»

በፍጹም! በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ከተማው በእነዚህ መኪናዎች ተሞልቷል፤ ጥያቄውም እየበዛ ነው። የነዳጅ መኪና ሆድ ሲመታ ማርሚታ ይቀደዳል፤ ማርሚታ ይበየዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ሆድ ባትሪው ነው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ወለሉን ሞልቶ የተነጠፈ፣ የመኪናውን ዋጋ ትልቁን ድርሻ የያዘ። ጉብታ ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። ስለ ሞላ ከኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ጋር የማወራው ይህንኑ ብቻ ነው።

«ቸርኬውንስ?»

እሱንም ተወው። ከፋብሪካው የመጣው ቸርኬ ለመንገዳችን ቀድሞውኑ ትልቅ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ትልቅ ቸርኬ ቻርጅ ይበላል። ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕላይድ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በ19 ኢንች ቸርኬ 396 ማይል፣ በ21 ኢንች ቸርኬ 348 ማይል እንደሚሄድ ተመዝግቧል። ያው መኪና፣ ያው ባትሪ ነው። 48 ማይል፣ ማለትም 77 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በቸርኬ ብቻ ጠፋ። ከአዲስ አበባ አዳማ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚቀርህ አንተው አስላ።

«ታዲያ ምኑን ልቀይር? ሁሉንም ከለከልከኝ።»

አልከለከልኩህም፤ አንድ ኢንች ፈቅጃለሁ፣ ለነዳጅ መኪናህ። ከዚያ በፊት ግን ጎማህ ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጆች። 2313 ካለ ጎማህ በ2013 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር ላስቲኩ ደርቋል። የቸርኬውን ብር ለአራት አዲስ ጎማ አውለው፤ ቸርኬው ሌላ ጊዜ ይደርሳል።